ከሱሉልታ ወፎች ጋር በቫራንገር

ግንቦት 24፣ ቫድሶ

ከትሮምሶ ያመጣችን ባለፕሮፔለር ትንሽ አውሮፕላን ቫድሶ ስታርፍ ከምሽቱ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር። ፀሐይዋ ግን ከባሕሩ በላይ ቁጭ ብላለች። እዚህ ከግንቦት 9 ገደማ ጀምሮ አልጠለቀችም፤ እስከ ሐምሌ 20 ግድምም አትጠልቅም። ሻንጣዬ ውስጥ በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬና ቆሎ አለ። የቡድን መሪያችን የሁላችንንም ዕቃ ስትመዝን የቆሎውን ከረጢት ከፍታ አየችና “ለወፎቹ ነው?” አለችኝ። ለእኔ ነው አልኳት።

ቫድሶ በኖርዌይ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ ከ70ኛው የኬክሮስ መስመር ትንሽ አለፍ ብላ፣ በቫራንገር ባሕረ ሰላጤ ዳር የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ከከተማዋ ጋር በድልድይ የተያያዘች ደሴት ላይ አንድ ረጅም የብረት ምሰሶ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ1926 ‘ኖርጌ’ የተባለችው የአየር መርከብ በጣልያናዊው ኖቢሌ አብራሪነት ወደ ሰሜን ዋልታ ስትጓዝ እዚህ ምሰሶ ላይ ታስራ አርፋለች። ጎብኚዎች ለምሰሶው ይመጣሉ። እኛ ጀርባችንን ለምሰሶው ሰጥተን ከሥሩ ያለውን ኩሬ ስናይ ቆየን።

በኩሬው ላይ ፋላሮፕ የሚባሉት ትንንሽ ወፎች እንደ እንዝርት ይሾራሉ። ሲሾሩ ውሃው ከታች ወደ ላይ ይሳባል፤ ከውሃው ጋር የሚመጡትን ጥቃቅን ነፍሳት በቀጭን መንቆራቸው ይለቅማሉ። አንገቷ ደማቅ ቀይ የሆነችው ሴቷ ናት፤ ፈዘዝ ያለው ወንዱ ነው። እንቁላሉን የሚታቀፈውም ጫጩቶቹን የሚጠብቀውም እሱ ነው፤ እሷ ጥላለት ሌላ ባል ፍለጋ ትሄዳለች። ክረምቱ ሲመጣ ከዚህ አካባቢ የሚነሱት እስከ ዓረብ ባሕር ድረስ ወርደው ውሃ ላይ ተንሳፍፈው ይከርማሉ። እኛ ደጃፍ ማለት ነው።

ለዚህ የወፍ ጎጆ ፍለጋና ክትትል ጉዞ ያመለከትኩትም በዚህ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ ወፍ ማየት የጀመርኩት ሱሉልታ ሜዳ ላይ ነበር። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ድረስ፣ ከብት በሚግጥበት እርጥብ ሣር ውስጥ፣ ጀርባዋ ዝንጉርጉር የሆነ ጭራዋን የምትወዘውዝ ትንሽ ወፍ አለች። ፒፒት ነው የሚሏት፤ ባለቀይ ጉሮሮዋ ፒፒት። የወፍ መጻሕፍቱ ሁሉ እኛ ዘንድ “እንግዳ” ብለው ይመዘግቧታል፤ “ቤቷ” የሚሉት እዚህ ነው። ቤቷን ልይ ብዬ ነው የመጣሁት።

ግንቦት 27፣ ኮማግቬር

ከቫድሶ ወደ ቫርዶ የሚወስደው የባሕር ዳር መንገድ ኢ75 ይባላል። ሌላኛው ጫፉ ያለው ግሪክ፣ ቀርጤስ ደሴት ላይ ነው። መንገዱ ዳር ያሉት መንደሮች ጥቂት የእንጨት ቤቶች፣ አንዳንድ ጀልባ፣ ዓሣ የሚሰቀልበት የእንጨት ማድረቂያ፣ ከዚያ እንደገና ባዶ ሜዳ ናቸው። ኮማግቬር ላይ ወርደን ሸክማችንን ተሸክመን ወንዙን ተከትለን ወደ ውስጥ ገባን።

ቱንድራን ከሩቅ የሚያይ ሰው ጠፍጣፋና ደረቅ ይመስለዋል። ሲረግጡት ነው የሚታወቀው። አንዱ እርምጃ ጉብታ፣ ቀጣዩ ጉድጓድ፣ ሦስተኛው እስከ ጉልበት ረግረግ ነው። ዛፍ የለም፤ ያለው ከቁርጭምጭሚት የማያልፍ የበርች ዝርያና ወንዙ ዳር ያለው የአኻያ ቁጥቋጦ ነው። በረዶው በየሸለቆው ጥግ ገና ተጋድሟል። ዋልታ ድብ በዚህ አካባቢ የለም፤ ቀድሜ የጠየቅሁት እሱን ነበር።

አራት ነን። መሪያችን፣ አንድ ጀርመናዊ ተማሪ፣ እኔና ጡረታ የወጡ አንድ የትምህርት ቤት መምህር። መምህሩ በወፎች እግር ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት በማሰር ከብዙዎቹ ተመራማሪዎች የበለጠ ልምድ አላቸው፤ ሲራመዱ ደግሞ የሚደርስባቸው የለም።

ሰኔ 2

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ሁለት ሰዎች የረጅም ገመድ ጫፍና ጫፍ ይዘው ጎን ለጎን ይራመዳሉ፤ ገመዱ ሣሩን እየዳበሰ ሲያልፍ የታቀፈችው ወፍ ብድግ ትላለች። ሦስተኛው ሰው ከኋላ ሆኖ የተነሳችበትን ቦታ በዓይኑ ይይዛል። ችግሩ ዓይን አንዴ ከተነቀለ ቦታው ጠፋ ማለት ነው፤ ጉብታው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። በዚህ ላይ አንዳንዶቹ ወፎች ከጎጇቸው ሹልክ ብለው በእግራቸው ሮጠው፣ ራቅ ካሉ በኋላ ነው የሚበሩት። የተነሱበት ቦታ ላይ ቢፈልጉ ቢፈልጉ ምንም የለም።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው ጎጆ ተገኘ። የቴሚንክ ስቲንት ጎጆ ነው፤ ሃያ አምስት ግራም ገደማ የምትመዝን የውሃ ዳር ወፍ ናት። ጎጆ ማለትም ያዳግታል፤ ሣር ውስጥ የተጫረች ትንሽ ጉድጓድ፣ ውስጧ ጥቂት ደረቅ ቅጠል። እንቁላሎቹ አራት ናቸው፣ ሹል ጫፋቸው ወደ መሐል ዞሮ ገጥሟል። አራቱ ሲደመሩ ከእናትየዋ ክብደት ብዙም አያንሱም። እናትየዋም በዚህ አታበቃም፤ የመጀመሪያውን ጎጆ ለወንዱ ትታ፣ ሌላ ቦታ ሄዳ ሁለተኛ አራት ትጥላለች፤ ያኛውን ራሷ ትታቀፋለች። ሁለት ጎጆ፣ አንድ አጭር በጋ።

እንቁላሉ ስንት ቀን እንደታቀፈ ለማወቅ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ እናስገባዋለን። ትናንት የተጣለ እንቁላል ከታች ጋደም ይላል። ቀናት ሲያልፉ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች እርጥበቱ እየተነነ በሰፊው ጫፉ ያለው የአየር ክፍል ይሰፋል፤ ያኔ እንቁላሉ ቀና ይላል፣ ቀጥሎ ይቆማል፣ በመጨረሻም ይንሳፈፋል። ያጋደለበትን ማዕዘን ለክተን ከሠንጠረዡ ጋር ስናመሳክር የሚፈለፈልበት ቀን በግምት ይታወቃል። የእኛዎቹ ተጋድመው ቀሩ። አዲስ ናቸው።

ከጎጆው ስንመለስ በመጣንበት አልተመለስንም፤ አልፈን ሄደን ዞርን። ቀበሮ የሰው ጠረን ተከትሎ ይመጣል፣ ቁራ ደግሞ ሰው የት እንደሚያጎነብስ ከሩቅ ያያል። ምልክት የምንተክለውም ጎጆው አጠገብ አይደለም፤ ጥቂት ሜትር ርቆ፣ አቅጣጫው በማስታወሻ ተጽፎ ነው።

ሰኔ 5

በረዶ ጣለ። ቀኑን ሙሉ። በሶ በጥብጬ ለሁሉም ሰጠሁ፤ ጀርመናዊው ሁለተኛ ጠየቀ፣ መምህሩ በትሕትና ጨረሱት።

ሰኔ 9

ዛሬ ያየሁትን ለመጻፍ እጄ ያሳክከኛል። ራፍ የተባለውን ወፍ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ቡናማ፣ ረጅም እግር፣ ሆዱ ወፈር ያለ፣ ተራ ወፍ ነበር ለእኔ። እዚህ ያየሁት ግን አንገቱ ላይ የላባ ካባ አውጥቷል። አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቀይ ቡናማ፣ አንዱ ነጭ። ጉብታ ላይ ተሰብስበው ካባቸውን ነፍተው ይፎካከራሉ፤ ይዘላሉ፣ ያጎነብሳሉ፣ እንደገና ቀጥ ይላሉ፤ ሴቶቹ ዳር ቆመው ይመርጣሉ። ዝዋይ የሚደርሰው ይህ ሁሉ ከወለቀ በኋላ ነው። እኛ የምናውቀው የሥራ ልብሱን ኖሯል።

መሪያችን ቁጭ ብለን እያየን የነገረችን ደግሞ ከካባው ይበልጣል። ወንዶቹ ሦስት ዓይነት ናቸው። ጥቁርና ቀይ ቡናማ ካባ ያላቸው አብዛኞቹ ቦታ ይዘው ይዋጋሉ። ነጭ ካባ ያላቸው ቦታ የላቸውም፤ ከባለቦታው አጠገብ ተለጥፈው ዕድላቸውን ይጠብቃሉ። ሦስተኛዎቹ ጥቂቶች ናቸው፤ ካባ አያበቅሉም፣ ሴት ይመስላሉ፣ ማንም ሳይጠረጥራቸው መሐል ገብተው የሚፈልጉትን ያገኛሉ። ይህ ሁሉ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት አንድ የክሮሞሶም ቁራጭ ተገልብጦ በመግባቱ የመጣና ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። ጀርመናዊው “ሦስተኛውን መሆን እመርጣለሁ” አለ፤ መምህሩ ሳይስቁ “ይመስለኛል ነህ” አሉት።

በጉብታው ላይ የነበሩት ከአሥር አይበልጡም። መምህሩ በወጣትነታቸው በዚሁ አካባቢ ብዙ እንደነበሩ ነግረውናል። ራፍ በኖርዌይ ከመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ተመዝግቧል። ችግሩ እዚህ ይሁን፣ በመንገድ ላይ ይሁን፣ እኛ ዘንድ ይሁን በአንድ ጎጆ ቆጠራ አይታወቅም። ስለ ሐይቆቻችን ዳርቻ ሲጠይቁኝ ግን አንገቴን ደፋሁ፤ አብያታ እንዴት እንደሸሸ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሰኔ 12

የሚካኤል ዕለት ነው። ሰዓቴን የሞላሁት በአገሬ አቆጣጠር ነው፤ ልቀይረው አልፈለግሁም። ግን ጎሕ ሳይቀድ አንድ ሰዓት ከየት ይጀመራል? ፀሐይዋ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ፣ ከምሥራቅ ወደ ደቡብ ትዞራለች እንጂ አትወጣም አትገባም። ወፎቹም ግራ አልተጋቡም፤ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘፍናሉ፣ ይመገባሉ፣ ትንሽ ያንቀላፋሉ። ሥራችንን ወደ ሌሊት አዙረነዋል፤ ሌሊት ነፋሱ ጋብ ይላል።

የሐዋርያት ጾም ገብቷል። ቀኑን ሙሉ እንቁላል እየዳሰሱ ጾም መጾም ምን እንደሆነ ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ይስቃሉ ብዬ አስባለሁ።

ሰኔ 16

የሰዎቹ የበጋ እኩሌታ በዓል ዋዜማ ነው። ወንዙ ወደ ባሕር በሚገባበት ዳርቻ እንጨት ቆልለው አነደዱ። ደመራ በጠራራ ፀሐይ ሲለኮስ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ፤ ነበልባሉ ራሱ በደንብ አይታይም። ቋሊማ ጠበሱ፤ ቆሎዬን አዞርኩ።

ሰኔ 21

መጥፎ ሳምንት። ከምንከታተላቸው ጎጆዎች ግማሽ ያህሉ ባዶ ሆነው ቆዩን።

ባዶ ጎጆ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንድም ተፈልፍለው ሄደዋል፤ የእነዚህ ወፎች ጫጩት ላባው እንደደረቀ በራሱ እግር ሮጦ በራሱ መንቆር ይለቅማል፣ ጎጆ ውስጥ አይቀመጥም። አንድም ተበልተዋል። ስለዚህ ተንበርክከን የጎጆውን ወለል በጣት እንፈትሻለን። ጫጩት በሰላም ከወጣ ወላጁ ትልልቁን ቅርፊት አንስቶ ይጥለዋል፤ ከቅጠሉ ሥር ግን እንደ አሸዋ የደቀቀ የቅርፊት ፍርፋሪ ይቀራል። ያ ፍርፋሪ ካለ ደስ ይለናል። አስኳል የነካው ሰፊ ቅርፊት ከተገኘ ወይም ምንም ከሌለ ሌባ መጥቷል።

የሰኔ 2ቷ ጎጆ ምንም የላትም። ቀኗ ገና ስለነበር መጠራጠር አያስፈልግም።

ነገሩ ሁሉ ከሌሚንግ ጋር የተያያዘ ነው። ሌሚንግ አይጥ መሰል ትንሽ እንስሳ ነው፤ በየአራት ዓመቱ ገደማ ቁጥሩ ይፈነዳል፣ ከዚያ ይከስማል። በበዛበት ዓመት ቀበሮውም፣ ጭልፊቱም፣ ስኩዋ የሚባለው ረጅም ጭራ ያለው የባሕር ወፍም ሌሚንግ በልተው ይጠግባሉ፣ የወፎቹ እንቁላል በሰላም ይከርማል። በከሰመበት ዓመት ሁሉም ፊቱን ወደ እንቁላል ያዞራል። ዘንድሮ የከሰመበት ዓመት ነው። ስኩዋዎቹ ጭራሽ እንቁላል አልጣሉም፤ እየዞሩ የሰው ጎጆ ይዘርፋሉ እንጂ። ከዚህ በፊት በደቡብ ይኖር የነበረው ቀይ ቀበሮም ወደዚህ እየወጣ መሆኑ ሌላ ራስ ምታት ነው።

እኔ ተናድጃለሁ፣ መሪያችን ግን በሰንጠረዡ ላይ “ተበልቷል” ብላ ስትሞላ እጇ አልተንቀጠቀጠም። ጎጆ የምንከታተለው እንዲተርፍ ለመርዳት አይደለም፤ የሚሆነውን ለመመዝገብ ነው፤ የባዶ ጎጆ ዓመታት ካልተጻፉ የሞሉት ዓመታት ትርጉም የላቸውም። በአእምሮዬ ተስማምቻለሁ። ትናንት ግን አንድ ቁራ ጎጆ አጠገብ ሲያንዣብብ ድንጋይ አንስቼ ነበር። መምህሩ አይተው ዝም አሉ።

ሰኔ 28

ትንኝ። ሌላ የምለው የለም፤ ስጽፍ ወረቀቱ ላይ ደም ይፈስሳል።

ደግሞ ዛሬ የሬንዲር፣ የሰሜኑ አጋዘን፣ መንጋ በሸለቆው አለፈ። ባለቤቶቹ የሰሜኑ ነባር ሕዝብ፣ ሳሚዎች ናቸው፤ በበጋ ወደዚህ ወደ ባሕሩ ዳር ያወርዷቸዋል፣ በክረምት ወደ ውስጥ ይመልሷቸዋል። ባለአራት ጎማ ሞተር ላይ የተቀመጠ አንድ እረኛ ቆሞ አነጋገረን። የእያንዳንዱ ቤተሰብ ከብት የሚለየው በጆሮው ላይ በተቆረጠው ቅርጽ ነው፤ ቢላዋውን አውጥቶ በጓንቱ ጫፍ ላይ አሳየኝ። እኛም አገር ጆሮ እየተበሳ ምልክት እንደሚደረግ ስነግረው ወዲያው የከብቱን ዋጋ ጠየቀኝ። ከዚያ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ተኩላ፣ ስለ መንግሥት። በዚህ ሁሉ የማይገባኝ ነገር አልነበረም።

ሐምሌ 1

ፒፒቷ ፈልፍላ ሰንብታለች። ጎጆዋን ያገኘናት ከሁለት ሳምንት በፊት ነበር፤ በጉብታ ጎን፣ ሣር እንደ መጋረጃ የወደቀባት። እንቁላሎቹ ስድስት ነበሩ፣ አምስት ጫጩት ወጣ። የዚህችኛዋ ልጆች ከውሃ ዳሮቹ የተለዩ ናቸው፤ ራቁታቸውንና ዓይነ ስውር ሆነው ይወለዳሉ፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ጎጆ ውስጥ ይመገባሉ። ዛሬ ለቀለበት ደርሰዋል፤ ከዚህ በላይ ብንቆይ ዘለው ይወጣሉ።

መምህሩ አንዷን በመዳፋቸው ጋደም አድርገው እግሯን በሁለት ጣት መካከል ያዙ። ቀለበቷ ከአሉሚኒየም የተሠራች ናት፤ የኖርዌዩ የስታቫንገር ሙዚየም ስምና ተራ ቁጥር ተቀርጾባታል። በልዩ ጉጠት ቀስ ብሎ መዝጋት ነው፤ ጫፍና ጫፉ ሳይነባበር፣ እግሩ ላይ እየዞረ እንዲንሸራተት። ሁለቱን እሳቸው፣ ሦስቱን እኔ አሰርኩ። ልቤ እንዲህ የመታበት ፈተና አላስታውስም። እናትየዋ አጠገባችን ድንጋይ ላይ ሆና አፏን በትንኝ ሞልታ ትጮሃለች፤ ደቂቃዎች ሳይሞሉ ጎጆዋን መልሰን ራቅን፣ ገባች።

ማታ ከመምህሩ ጋር ተከራከርን። “የእኛ ወፍ” ይሏታል፣ “ክረምቱን አፍሪካ የምታሳልፍ”። ጣቴን እያጠፍኩ ቆጠርኩላቸው። በግንቦት መጨረሻ ትመጣለች፣ በነሐሴ ትነሳለች። እዚህ ሦስት ወር ብትቆይ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ሰባት ወር ያህል ትውላለች፣ ታድራለች፣ ትበላለች። የተወለደችበት ቦታ የት እንደሆነ አልክድም፤ ግን እህል ውሃዋ ያለው የት ነው? መምህሩ ፒፓቸውን ሲያራግፉ ቆይተው “እንቁላል የምትጥለው እዚህ ነው” አሉ። እኔም “ልጆቿን የምታሳድገው ግን እኛ ዘንድ ነው” አልኩ። ይህኛው በሳይንስ ትክክል አይደለም፤ ጥቅምት ላይ ልጆቿ አድገዋል። አላረሙኝም።

ሐምሌ 8፣ ኤከሮይ

የዕረፍት ቀን ሰጡን። ኤከሮይ በቫድሶ አቅራቢያ ያለ ገደል ነው፤ ኪቲዌክ የሚባሉት የባሕር ወፎች በእያንዳንዱ የድንጋይ መደርደሪያ ላይ ተደርድረው ይጮሃሉ። በ2023 እ.ኤ.አ. በጋ የወፍ ጉንፋን በዚህ ባሕረ ሰላጤ ገብቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ኪቲዌኮች ሞቱ፤ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች መከላከያ ልብስ ለብሰው ከባሕር ዳርና ከመንገድ ሬሳ ሲለቅሙ ከረሙ። አሁንም መደርደሪያዎቹ ላይ ክፍት ቦታ አለ። የሞተ ወፍ በእጅ እንዳይነካ የሚያሳስብ ማስታወቂያ ተለጥፏል።

ከመመለሳችን በፊት ወደ ኔሴቢ በሚወስደው መንገድ የቆሙ ግራጫ የበርች ግንዶች አየን፤ ከሃያ ዓመት ግድም በፊት የእሳት እራት አባጨጓሬ በተከታታይ በጋዎች ቅጠሉን በልቶ የጨረሰው ጫካ ነው። ቀድሞ የክረምቱ ብርድ የእንቁላሉን ብዙውን ይገድለው ነበር። ክረምቱ እየለዘበ ሲሄድ አባጨጓሬው ወደ ሰሜን ተስፋፋ።

ሐምሌ 22

ትናንት ሌሊት ፀሐይዋ ለጥቂት ደቂቃ ጠለቀች ይባላል። እኛ ተኝተን ነበር።

የፋላሮፕ ሴቶቹ ከሄዱ ሰንብተዋል፤ አሁን ወንዶቹም እየተነሱ ነው። የቀሩት ጫጩቶች ብቻ ናቸው፤ መንገዱን ማንም ሳያሳያቸው ራሳቸው ይሄዳሉ። ገመዱን ጠቅልለን፣ የሙቀት መለኪያዎቹን ከጎጆዎቹ ነቅለን፣ ድንኳኑን አጥበናል።

ነሐሴ 3፣ ቫድሶ

በሱቁ ውስጥ ስልክ ይዤ ከእናቴ ጋር ሳወራ አንዲት ሴት ከኋላዬ ቆመው ጠበቁኝ። ስጨርስ “ሐበሻ ነሽ እንዴ?” አሉኝ። የደሴ ሰው ናቸው፤ ዓመታት ሆኗቸዋል፣ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ይሠራሉ።

“ምን ልትሠሪ መጣሽ እዚህ?”

“የወፍ ጎጆ ፍለጋ፣ እትዬ።”

ዘንቢላቸውን መሬት አስቀመጡ። “እናትሽ ያውቃሉ?”

ቤታቸው ወስደው ቡና አፈሉልኝ። ከኅዳር አጋማሽ በኋላ እስከ ጥር ድረስ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ እንደምትጠፋ፣ ጨለማው እንዴት እንደሚከብድ ነገሩኝ። ስለ ፒፒቷ ስነግራቸው ከሁሉ በፊት የጠየቁኝ በምን ወር ወደ አገር እንደምትገባ ነው። በመስከረም መጨረሻ፣ በጥቅምት አልኳቸው። “አደይ ሳይረግፍ ነው እንግዲህ” አሉና ሁለተኛውን ቀዱ።

መረጃው ተሞልቶ ተልኳል። መሪያችን በሚመጣው ዓመት የሌሚንጉ ቁጥር ሊያንሰራራ እንደሚችል ታስባለች፤ ገመዱን እንድይዝ ጠይቃኛለች፣ እሺ ብያለሁ። ከዚያ በፊት ግን በጥቅምት አዲስ አበባ እሆናለሁ። ሱሉልታም ሆነ ሌላ እርጥብ የደጋ ሜዳ ላይ የምትንቀሳቀሱ፣ ከብት ሥር የምትሮጥ ዝንጉርጉር ወፍ ስታዩ እግሯን ተመልከቱ፤ በአቅራቢ መነጽር ወይም በስልክ ፎቶ ይበቃል። አታሳድዷት። ሞታ ካገኛችኋት ቀለበቱ ላይ ያለውን ቁጥር ሳታጎድሉ ጻፉና ቀኑንና ቦታውን ጨምራችሁ ለስታቫንገር ሙዚየም ላኩ። እኛ ያሰርነው በቀኝ እግር ነው።